የጎንደር እናቶች ስፖርት ሐሳብ፦ ለአመራሩ ከመሄዱ በፊት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይሄ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ከ11፡30 እስከ 12፡30 አዳራሽ እንከራይ። ሞግዚት ከካዝናችን ይከፈላት። ዓምና ልጆቹ ስፒከሩን የሰበሩት ዓይነት አይደገምም።

የአዘዞዋ፦ ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑ ጠፍቷችሁ ነው? በባዶ ሆድ ማን ይዘላል!

የመንትዮቹ እናት፦ በ11፡30 ማን ባዶ ሆዱን ይቆያል? ሽሮ በልቶ መዝለል ተከለከለ እንዴ?

የአዘዞዋ፦ አንቺ በምሳ ሰዓት ትፈቺ ይሆናል። እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አልቀምስም።

የመንትዮቹ እናት፦ የኔን ጾም የምትቆጥሪው አንቺ ማነሽ?

የአዘዞዋ፦ እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ።

ገንዘብ ያዥ፦ ተዉ እንጂ! ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን። ቅዳሜን ግን አትንኩ፣ ገበያ ነው።

ነርሷ፦ ማክሰኞ ተረኛ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው የሚለው። ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት 120 ነው። የቀረው ከአራዳ ፒያሳ ፈጠን ብሎ በመሄድ ይሞላል። እየሄድሽ ማውራት ችለሽ መዝፈን ካቃተሽ፣ ፍጥነቱ በቂ ነው። ጡንቻ ማጠንከሪያ ግን ሁለት ቀን ለብቻው ያስፈልጋል።

የአዘዞዋ፦ በጾም ቀን ደግሞ ዘፈን!

የመንትዮቹ እናት፦ ኪኪኪ። ዝፈኚ አላለችሽም እኮ። በቃ፣ ይቅር በይኝ።

የአዘዞዋ፦ እኔም አፌ አያርፍም።

ሰብሳቢ፦ አዳራሽ አጠያይቃለሁ ያለችው የት ገባች? ስልኳ አይነሳም። ሞግዚት አመጣለሁ ያለችውም ድምጿ ጠፍቷል።

የማራኪዋ፦ አዳራሹ ይቅር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከፒያሳ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ በእግር ደርሰን እንመለስ። ኪራይ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

ነርሷ፦ እሱ 150 አይሞላም።

የአዘዞዋ፦ ይሄ ይሻላል። ግን ቲሸርት እናሠራ። ተበታትነን ስንሄድ ለቅሶ የምንደርስ ነው የምንመስለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሞግዚት የታሰበው ብር ለቲሸርት ይበቃል።

የመንትዮቹ እናት፦ እሑድ ልጆቹን ለማን ልተው ታዲያ?

የማራኪዋ፦ አዝለሻቸው ነይ። ጡንቻ ማጠንከሪያ ተብሎ የለ?

የመንትዮቹ እናት፦ ሁለቱንም?

ሰብሳቢ፦ ለአመራሩ የሚሄደው የእሑድ ጉዞና ቲሸርት ነው። ሳይዛችሁን ለእትዬ ላኩ። ቀለሙን ነገ እንነጋገር።

የአዘዞዋ፦ ነጭ አይሆንም። ቶሎ ይቆሽሻል።

የመንትዮቹ እናት፦ ደግሞ ጀመረች!