ኮፒ ያደረግኩትን ሳላይ ለጠፍኩት፣ አሁን ምን ላድርግ?

ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አግዙኝ።

ትናንት ማታ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ጨዋታ ተጀመረ፦ ኮፒ ያደረጋችሁትን ሳታዩ ለጥፉ። አንዱ የእቁብ አካውንት ቁጥር ለጠፈ። ሌላዋ የድፎ ዳቦ አሠራር፣ ያውም ግማሹን። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኔም በላፕቶፔ ኮንትሮልና ቪ ተጫንኩ። የወጣው ለአንዷ ጓደኛችን ጽፌ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ሳልልክ የተውኩት ነው፦ «ያበደርኩሽን 3,000 ብር ረሳሽው እንዴ?» እሷ ደግሞ እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለች! ወዲያው ለሁሉም አጠፋሁት። ግን ሳታየው አልቀረችም፣ እስካሁን ድምጿ የለም።

ከዚያ ፈርቼ የዊንዶውስ ቁልፍንና ቪን አብሬ ስጫን፣ ያለፉት ኮፒዎቼ ተደርድረው ቁጭ! እስከ 25 ድረስ ይይዛል ለካ። የኢሜይሌ የይለፍ ቃልም አለበት። እሱ ቢወጣስ ኖሮ? «ክሊር ኦል» ብዬ አጸዳሁት፤ ፒን ያደረግኩት ግን አልጠፋም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄን ማስቀመጡን ጭራሽ የማቆመው ከየት ገብቼ ነው? ሁለተኛው ይብሳል፦ ልደውልላት ወይስ ዝም ልበል? ይቅርታ ካልኳት ብሩን የተውኩላት እንዳይመስላት ፈርቼ ነው።