የፍሉኮናዞል ዲስኩን የት ጋ ልለካው?

ሰላም ባልደረቦቼ። ድሬዳዋ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከአንድ ጨቅላ ደም ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ በቅሏል፤ አልቢካንስ የተባለውን ዝርያ የምንለይበት የጀርም ቲዩብ ምርመራ ኔጋቲቭ ነው። ሙለር ሂንተን አጋር (ማብቀያ) ላይ 2% ግሉኮስና ሜቲሊን ብሉ ጨምሬ፣ 25 ማይክሮግራም የፍሉኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ዲስክ አድርጌ በ35 ዲግሪ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው የዞኑ፣ ማለትም በዲስኩ ዙሪያ እድገት የተገታበት ክብ፣ ጠርዝ አልጠራም። ውጪው ጥቅጥቅ ያለ እድገት ነው፤ ውስጡ እንደ አሸዋ የተበተኑ ጥቃቅን ኮሎኒዎች። እድገቱ ጎልቶ የቀነሰበት ጋ ይለካል፣ ጥቃቅኖቹ ይታለፋሉ የሚለውን አውቃለሁ። ግን ካንዲዳ ክሩሴ የተባለው ዝርያ ከሆነስ? እሱ እኮ በተፈጥሮው ፍሉኮናዞልን ይቋቋማል። "መድኃኒቱ ይሠራል" ብዬ ብጽፍ ሕፃኑ ይጎዳብኛል። የካንዲዳ ዝርያዎችን በቀለም የሚለየውን ክሮም አጋር ጨርሰናል። እዚህም ሆነ ሐረር ክሮም አጋር ወይም ምርመራው በትክክል መሥራቱን የምንፈትሽበት መቆጣጠሪያ ዝርያ፣ በተለይ ፓራፕሲሎሲስ ኤቲሲሲ 22019፣ ያላችሁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ ዞን አንብባችሁ የምታውቁም አስረዱኝ፤ ሐኪሙ ውጤቱን እየጠበቀ ነው።