ካምቢዮ ምርጫ ላይ ተይዣለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ዴንቨር ነው። ሁለት ክረምት የበላብኝ የ1931 ፎርድ ሞዴል ኤ አለኝ። ሼቭሮሌ 350 ሞተሩ ሻንሲው ላይ ተቀምጧል። የቀረኝ ካምቢዮው ነው፣ እሱ ላይ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ባለ 4 ማርሹን መንሲ (የድሮ የጂኤም ካምቢዮ) ነበር። ጠንካራ ነው፣ መልኩም ለመኪናው ይሄዳል። ግን አራተኛው አንድ ለአንድ ነው፣ የሞተሩን ዙር አይቀንስም። በኔ 3.70 ዲፈረንሻል አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ሲጮህ ሊውል ነው። ስለዚህ ልቤ አምስተኛው የሞተሩን ዙር ወደሚቀንሰው ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ፣ ቲ-5፣ አዘነበለ።

ችግሩ የማርሽ ዘንጉ ነው። ቲ-5 በተለያዩ መኪኖች ላይ ይገኛል። የፎርድ ሙስታንጉን ቲ-5 በካርቶን ሠርቼ ለካሁት፤ ዘንጉ መቀመጫው ጫፍ ላይ ወጣ። ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ (በአየር ላይ፣ ሚስቴ እየሳቀችብኝ) እጄ ወንበሩን ይመታል። የሼቭሮሌ ካማሮው ዘንግ ደግሞ ወደ ሹፌሩ ያጋደለ ነው። የሼቭሮሌ ኤስ-10 ፒክአፑ ዘንግ ወደ ፊት ስለሚወጣ ልክ ይመጣል። ግን የአንዳንዶቹ አንደኛ ማርሽ ምጥጥኑ 4.03 ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ገና መብራቱን ሳላልፍ ሁለተኛ ላስገባ ነው እንዴ?

የኤስ-10ን የኋላ ቤት (ዘንጉ የሚወጣበትን የካምቢዮ የኋላ ክፍል) ከሙስታንጉ ቲ-5 ጋር ያጋባችሁ አላችሁ? ከውስጥ ምን ምን መቀየር አለበት? ወይስ ዘንጉን አጥፌ ልገላገል? ፍሪሲዮኑን ገና አልገዛሁም፣ መልሳችሁን እየጠበቅኩ ነው።