ክርክር፦ የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እክል የሚያሳልፍ ቁስ) የሚሠራበትን ሙቀት ከፍ የሚያደርገው በውስጡ ያለው የንጣፍ ብዛት ነው?

ክሪስታል፦ እኔ አዎ ባይ ነኝ። ቢስሙዝ ያለበትን የእነዚህ ቁሶች ቤተሰብ እዩት። አንድ የመዳብና የኦክስጅን ንጣፍ ያለው ቢበዛ 35 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ገደማ ላይ ነው ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው። ሁለት ያለው ወደ 90 ይጠጋል። ሦስት ያለው 110 ይደርሳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ሙግተኛው፦ ወዳጄ፣ ሦስት ላይ ለምን አቆምክ? ሜርኩሪ ወዳለበት ቤተሰብ ና እስቲ። አንድ ንጣፍ 95 ገደማ፣ ሁለት 127 ገደማ፣ ሦስት 134። አራተኛው ሲጨመር ግን ቁልቁል ይወርዳል። ጉዳዩ የብዛት ቢሆን መውጣቱን ይቀጥል ነበር።

ክሪስታል፦ መውረዱ እኮ ምክንያት አለው። ንጣፉ ሱፐርኮንዳክተር እንዲሆን ትንሽ ኤሌክትሮን ሊጎድለው ይገባል፤ ጉድለቱን "ሆል" ይሉታል። ሆል የሚያቀብሉት ከንጣፎቹ ውጭ ያሉት የሜርኩሪ ንብርብሮች ናቸው። ንጣፉ ሲበዛ ዳር ያሉት ይጠግባሉ፣ መሃል ያሉት ይራባሉ። ኤንኤምአር ላይ (የአቶም አስኳሎችን በማግኔት በሚፈትሽ ዘዴ) በግልጽ የታየ ነገር ነው።

ሚዛን፦ ልግባበት። ላንታነምና ስትሮንሺየም ያለበት የመዳብ ኦክሳይድም ባለ አንድ ንጣፍ ነው፣ የሜርኩሪው ቤተሰብ ታናሽም ባለ አንድ ንጣፍ ነው። የመጀመሪያው 38 አካባቢ ይቀራል፣ ሁለተኛው 95 ገደማ ይገባል። በንጣፍ ቆጠራ ይህን እንዴት ልታስረዱኝ ነው? እኔ የማየው ንጣፉን የከበቡትን አቶሞች ነው። ከመዳቡ አናት ላይ ያለው ኦክስጅን በሜርኩሪው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በላንታነሙ ደግሞ ስትሮንሺየም እዚያው ንጣፉ አጠገብ ስለሚገባ ሥርዓቱን ያዛባዋል። በሜርኩሪው ሆል የሚሰጠው ትርፍ ኦክስጅን ግን ሩቅ ነው።

ሙግተኛው፦ ሚዛን፣ ደህና ነገር አመጣሽ። እኔ ልጨምርበት። በ2019 የአንድ ንብርብር ውፍረት ያላት የቢስሙዝ ቁራጭ ተላጠች። የወፍራሙን ያህል ሙቀት ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆነች። መደራረቡ ምን ፈየደ ታዲያ?

ክሪስታል፦ ቆይ ቆይ። ያቺ ቁራጭ እኮ በውስጧ ሁለት የመዳብ ንጣፍ አላት! ሩቅ ያሉት አያስፈልጉም በለኝ፣ እሺ። የተቃቀፉት ሁለቱ ግን አብረው ነው የተላጡት።

ሚዛን፦ እንግዲያው የ2009ኙን ሙከራ ውሰድ። በላንታነሙ ስስ ፊልም ውስጥ ዚንክ አንድ በተመረጠ ንጣፍ ላይ ብቻ ተጨመረ። ዚንክ ሱፐርኮንዳክቲቪቲን ይገድላል። ንጣፉን አንድ በአንድ እየቀያየሩ ሲፈትሹ 32 ኬልቪን ላይ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው አንድ ንጣፍ ብቻውን ሆኖ ተገኘ። አንዱ ለብቻው ይችላል ማለት ነው። ጎረቤት ንጣፍ ሲጨመርለት ሙቀቱ ለምን ከፍ እንደሚል አንተ አስረዳን።