የሶዲየም ባትሪ ናሙናዬ፦ 43 ዲግሪ ላይ ያለችው ትከሻ የማን ናት?

ሙቀጫ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታይፔ ነው ያለሁት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለሶዲየም ባትሪ የሚሆን ንብርብር ኦክሳይድ እየሠራሁ ነው። ቀመሩ ሶዲየም 2/3፣ ኒኬል 1/3፣ ማንጋኒዝ 2/3፣ ኦክስጅን 2 ነው። ሶዲየም ካርቦኔት፣ ኒኬል ኦክሳይድና ማንጋኒዝ ኦክሳይድ አብሬ ፈጭቼ፣ ፔሌት (የተጨመቀ እንክብል) አድርጌ፣ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 12 ሰዓት አቆየሁት። ከዚያ ፈርነሱ (እቶኑ) ውስጥ እንዳለ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት።

በመዳብ ጨረር ያነሣሁት ኤክስአርዲ (ኤክስሬይ ከክሪስታሉ የሚበተንበትን ማዕዘን የሚያሳይ ልኬት) 15.9፣ 32፣ 36፣ 39.5 እና 49 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ ጥርት ያሉ ፒኮች (ጫፎች) አሉት። የቸገረኝ 43.6 ላይ ያለው ነው። በግራ በኩል ትከሻ (ከጎኑ የተለጠፈ እብጠት) አውጥቷል። 37.2 ላይም ትንሽዬ ፒክ አለች። የምፈልገው ፒ2 የሚባለውን የንብርብር አደራደር ነበር። ሌላው አደራደር፣ ፒ3፣ ተቀላቅሎበት ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ብርሌ፦
ፒ3 ይመስለኛል። ሙቀቱ ሲያንስ ነው ፒ3 የሚወጣው። 950 አድርጊውና ድገሚው።

አሮጌው ፈርነስ፦
እህቴ፣ ፈርነሱን ከመንካትሽ በፊት ፒኮቹን ረጋ ብለን እንያቸው። ብርሌ፣ ፒ3 ዝቅ ባለ ሙቀት ይወጣል ያልከው ትክክል ነው። እዚህ ላይ ግን አይመስለኝም።

ፒ2፣ ፒ3 የሚለውን አጠራር በ1980 ያወጡት ቦርዶ፣ ፈረንሳይ የነበሩት ኬሚስቶች እነ ክሎድ ዴልማስ ናቸው። ፊደሉ ሶዲየሙ የተቀመጠበትን ቦታ ይናገራል። ፒ ከሆነ ስድስት ኦክስጅኖች ፕሪዝም ሠርተው ይከቡታል፣ ኦ ከሆነ ደግሞ ኦክታሄድሮን። ቁጥሩ አንድ ዩኒት ሴል (ክሪስታሉ ውስጥ የሚደጋገመው ትንሹ ክፍል) ውስጥ ስንት የብረትና የኦክስጅን ንብርብር እንዳለ ነው። ፒ2ም ፒ3ም ሶዲየሙን በፕሪዝም ነው የያዙት፣ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀትም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ 16 እና 32 ላይ ያሉት ፒኮች ሁለቱን አይለዩልሽም። ብዙ ሰው ግን እነሱን አይቶ ነው የሚፈርደው።

የሚለዩት መሃል ያሉት ናቸው። ፒ2 39.5፣ 43.6 እና 49 አካባቢ ይሰጣል። ፒ3 39.5 ላይ ምንም የለውም፣ 45 አካባቢ ግን ይወጣል። አንቺ 39.5 አለሽ፣ 45 አልጠቀስሽም። ናሙናሽ በዋናነት ፒ2 ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ።

ትከሻዋ ኒኬል ኦክሳይድ ትመስለኛለች። የእሱ ፒኮች 37.2፣ 43.3 እና 62.9 ናቸው። 43.3ቱ ከፒ2 43.6 ጋር ስለሚደራረብ ነው ትከሻ የሚሆነው። አሁን 62.9ን ፈልጊ። ፒ2 ራሱ 62.2 አካባቢ ፒክ ስላለው ከእሱ በስተቀኝ እዪ። ስኬሉን በደንብ አጉልተሽ ካላየሽ ታመልጥሻለች።

950ውን ግን አልደግፍም። በዚያ ሙቀት ሶዲየም ይተናል። ሶዲየም ሲጎድል ንብርብሩ ኒኬሉን ሁሉ መያዝ ያቅተዋል፣ የተረፈውም ኒኬል ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ሙቀት በጨመርሽ ቁጥር ሊብስብሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሶዲየም ካርቦኔቱን ከመመዘንሽ በፊት አድርቀሽዋል? እኔም ታይፔ ነው የተማርኩት፣ የዝናቡን ወራት አየር አውቀዋለሁ። ካርቦኔቱ እርጥበት ስቦ ሞኖሃይድሬት (አንድ ሞለኪውል ውሃ የያዘ) ከሆነ ከክብደቱ 14.5 በመቶው ውሃ ነው። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ሶዲየሙ ጎደለ ማለት ነው!

ሙቀጫ፦
በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። አጉልቼ አየሁት፣ 62.9 ላይ አለች! 45 ደግሞ ንጹሕ ነው። የካርቦኔቱ ጠርሙስ የጋራ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል። ግን ይህቺ ትንሽ ኒኬል ኦክሳይድ ባትሪው ላይ ምን ታደርጋለች?

አሮጌው ፈርነስ፦
ሶዲየም አትይዝም፣ ዝም ብላ ክብደት ትሆናለች። ሶዲየሙ በሙሉ ቢወጣ የዚህ ውህድ ቲዎሬቲካል አቅም በግራም 173 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ነው። ኒኬል ኦክሳይዷንም አብረሽ መዝነሽ ካካፈልሽ ቁጥሩ ይወርድብሽና ጥፋቱን በፒ2 ላይ ታሳብቢያለሽ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ከንብርብሩ ውስጥ የጠፋው ኒኬል ነው። እዚህ ውህድ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ማንጋኒዙ ገና ከጅምሩ 4+ ነው፣ ማለትም አራት ኤሌክትሮኖቹን ቀድሞ ሰጥቷል።

ካርቦኔቱን 200 ዲግሪ ላይ አሳድሪው፣ ሳይቀዘቅዝ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ ክተቺውና መዝኚው። ከቀመሩ 5 በመቶ አስበልጪ፣ ከዚያ ካለፍሽ ትርፉ ካርቦኔት ሆኖ ይቀርብሻል። 900ውን አትንኪው። ስትጨርሺም ፈርነሱ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ አትጠብቂ፣ 200 አካባቢ ሲደርስ አውጥተሽ ቀጥታ ወደ ግሎቭ ቦክስ (አየርና እርጥበት የማይገባበት የሥራ ሳጥን)።

ሴሉን ስትሞክሪ ደግሞ ከ4.1 ቮልት በላይ ለመውጣት አትቸኩዪ። ሃሊፋክስ፣ ካናዳ የነበሩት ተመራማሪዎች ሉ እና ዳን በ2001 ባትሪው እየሠራ ኤክስአርዲ አንሥተው አሳይተዋል። አብዛኛው ሶዲየም ሲወጣ ንብርብሮቹ ይንሸራተቱና ፒ2ው ኦ2 ይሆናል። ያኔ ርቀቱ ይጠባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። መጀመሪያ እስከ 4.1 ያለውን ብቻ አሳዪን፣ አዲሱን ኤክስአርዲም እዚሁ ለጥፊልን።

ብርሌ፦
እኔም 62.2 እና 62.9ን ለይቼ አላውቅም ነበር። የድሮ ዳታዬን ዛሬ ማታ አወጣዋለሁ።