የጎንደር አዘዞ ኤርፖርት ጥላ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ (አስተያየት እስከ አርብ)

ጸሐፊ፦
ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። አርብ ማታ ይዘጋል፣ ሰኞ ከተማ አስተዳደር ይገባል። ያው የተነጋገርነው ነው፣ አዘዞ ኤርፖርት በር ላይ ለሸኚና ለተቀባይ ጥላና መቀመጫ፣ በረራን ተከትሎ ከፒያሳ የሚነሳ ታሪፉ የታወቀ ሚኒባስ፣ ለአዘዞና ለጠዳ ተማሪዎች የአቪዬሽን ክበብ። ጥላው ለምን ከአጥር ውጭ ሆነ የሚል አሁንም አለ፣ ከ2009 ጀምሮ ኤርፖርቶቹ በአየር መንገዱ ስር ስለገቡ ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ነገር የሚፈቅደው አዲስ አበባ ነው፣ ከአጥር ውጭ ያለውን ግን እዚሁ ከከተማው ጋር እንጨርሰዋለን። መዋጮ በአባል 500 ብር፣ ሆቴሎች 5,000። የእንጨት ቋሚ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ የብሎኬት መቀመጫ። ለከተራ መድረስ አለበት።

አስጎብኚ ጃንተከል፦
ሁሉም ጥሩ ነው ቆርቆሮው ግን ይቅር። ሰው ፋሲልን ሊያይ ከስንት አገር መጥቶ ከኤርፖርት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ቆርቆሮ ይሁን? ሣር ክዳን ይሁን።

ሾፌር ሳሙና በር፦
ሚኒባሱን እኔ አቀርባለሁ ብያለሁ አሁንም እላለሁ። ግን የበረራ ሰዓት ሲቀየር ማነው የሚነግረኝ፣ ነዳጅ ወረፋ አድሬ በባዶ አዘዞ ወርጄ በባዶ ልመለስ አልችልም፣ ይሄ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

የአዘዞ ልጅ፦
ጃንተከል ሣሩን ማን ይከድነዋል? ሣር ክዳን የሚችል ሽማግሌ ስንት ቀርቷል? ሁለት ክረምት ሳይሞላው ያፈሳል፣ ከዚያ በየዓመቱ መዋጮ ልትጠይቁን ነው። አንተ ለፎቶ ነው የፈለግከው እኛ እዛው ነን የምንኖረው።

አስጎብኚ ጃንተከል፦
ለፎቶም ቢሆን ምን ችግር አለው እንጀራችን ነው። ጥምቀት በ2012 ዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ለዚህ በዓል ብሎ የሚመጣው እንግዳ ካሜራውን ከአውሮፕላን ሲወርድ ጀምሮ ነው የሚያወጣው። ቆርቆሮ በየትም አገር አለ።

ፔንሲዮን ማራኪ፦
እኔ የምለው ቅድሚያ ጥላው ይቁም። ባለፈው እህቴን ልቀበል ወርጄ አንዲት እናት ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ሰብስባ በዚያ ፀሐይ በግራ እጇ የሙዝ ፌስታል በቀኝ እጇ ሞባይል ይዛ ቆማለች፣ በረራው ዘግይቷል፣ የምትቀመጥበት ስታጣ የመኪና ጎማ ጥላ ውስጥ ቁጢጥ አለች። ለሷ ሣርም ቆርቆሮም አንድ ነው። 5,000 ብሬን ነገ አስገባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
የሚከፍል ሰው ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ በውስጥ ይላክልኝ፣ በቃል ከፍያለሁ የሚል አልመዘግብም። የባለፈው ዓመት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የፋሲል ልጅ ዲሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጃንተከልን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሣር ክዳን ከሆነ የክዳኑን ወጪ በሙሉ እኔና ጓደኞቼ እንሸፍናለን። ቆርቆሮ ከሆነ ግን በአባልነቴ የሚደርስብኝን ብቻ ነው የምከፍለው። ልጆቼን ይዤ ስመጣ አገራቸውን አገር መስሎ እንዲያዩት ነው የምፈልገው።

የአዘዞ ልጅ፦
እና አሁን ገንዘብ ያለው ይወስን ነው? እዛው ዲሲ ተቀምጦ ክዳን ይመርጥልናል? ኅዳር 4/2013 ማታ ኤርፖርቱ ላይ ሮኬት ሲተኮስ ልጆቻችንን ታቅፈን ያደርነው አዘዞዎች ነን። ኤርፖርቱ ሲባል ፒያሳና ውጭ አገር ያለው ሁሉ ይሰበሰባል፣ መከራው ሲመጣ ግን የአዘዞ ነው። ቆርቆሮ ነው የሚሆነው።

የፋሲል ልጅ ዲሲ፦
ወንድሜ ስድብ አያስፈልግም፣ እኔም አዘዞ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ አባቴ የተቀበረውም እዛው ነው። ያን ሌሊት ስልክ ስንደውል ያደርነውንስ ማን አየልን።

ቀበሌ 18፦
ኧረ ቀዝቀዝ በሉ። በነገራችን ላይ ፋሲል ራሱ ግንቡን ሲያሠራ ድንጋይና ኖራ ነው የተጠቀመው፣ ሣር አልከደነም፣ ከተማዋ ከ1628 ጀምሮ የምትታወቀው በድንጋይ ነው። ባህል ከተባለ ድንጋይ ይሁን፣ ሣር የሁሉም የገጠር ቤት ነው።

አስጎብኚ ጃንተከል፦
ድንጋዩን በ500 ብር መዋጮ ልትሠራው ነው? ከግንቡ ጋር ማን አወዳደረ። እኔ ያልኩት እንግዳ ሲወርድ ደስ የሚል ነገር ይቀበለው ነው።

እቴጌ፦
ቆርቆሮ ቀለም ይቀባል እኮ። አረንጓዴ ወይ ቡናማ ቀቡት ያልቃል። ሐምሌ ዝናብ ሲመታው ይጮሃል እንጂ ሌላ ምን አለው።

ሾፌር ሳሙና በር፦
የጠየቅኩትን የመለሰልኝ የለም።

መምህር ጠዳ፦
የክበቡን ነገር እኔ እይዘዋለሁ፣ ዕቅዱን እስከ ሐሙስ አዘጋጃለሁ። የአብራሪና የቴክኒሺያን ሠልጣኝ ማስታወቂያ ሲወጣ ልጆቻችን የሚሰሙት ምዝገባው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ሂሳብና ፊዚክስ ያላቸው ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ግን አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብለው ከማየት ሌላ የሚያውቁት የለም። የአየር ሁኔታ እንዴት ይለካል፣ ነፋሱ ወዴት ሲነፍስ በየት በኩል ይነሳል ይሄን ሁሉ እዚሁ ማስተማር ይቻላል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ጸሐፊ፦
መምህር እናመሰግናለን። ሾፌር ያንተን አስገባዋለሁ። የክዳኑን ጉዳይ በድምፅ እንጨርሰው፣ ሣር ወይም ቆርቆሮ ብላችሁ ብቻ ጻፉ።

እቴጌ፦
ቆርቆሮ የተቀባ

አስጎብኚ ጃንተከል፦
ሣር

የአዘዞ ልጅ፦
ቆርቆሮ

የፋሲል ልጅ ዲሲ፦
ሣር

ቀበሌ 18፦
ድንጋይ

ጸሐፊ፦
ድንጋይ ምርጫው ውስጥ የለም።

ቀበሌ 18፦
ማነው ያወጣው? ስብሰባ ላይ ቆርቆሮም አልተወሰነም፣ አንተ ነህ የጻፍከው።

ራምፕ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ አውሮፕላን ስር ሠርቼ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበላችሁ። ሣር ክዳን ኤርፖርት አጠገብ አይሆንም፣ ምክንያቱ ማማር አለማማር አይደለም። ሣር ክዳን ውስጥ እርግብ ይገባል፣ ይፈለፍላል። ደረቅ ሣር በነፋስ ይበናል። እኔ በሠራሁበት ኤርፖርት ጠዋት ከመጀመሪያው በረራ በፊት ማኮብኮቢያውን ጎን ለጎን ተሰልፈን ዳር እስከ ዳር እናየው ነበር፣ ቆርኪ፣ ብሎን፣ የሻንጣ ጎማ፣ ፌስታል፣ የሞተ ወፍ፣ ያገኘነውን ሁሉ ከረጢት ውስጥ። የአውሮፕላን ሞተር ያጠገቡን አየር በሙሉ ይስባል፣ ያገኘውን አይመርጥም።
መስከረም 5 ቀን 1981 የሆነውን የማታውቁ ወጣቶች አላችሁ። ከባህር ዳር ወደ አስመራ የሚሄድ ቦይንግ 737 ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተር ውስጥ ገባበት። ልመለስ ብሎ ሳይሳካለት ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና እሳት ተነሳ። 104 ሰው ነበረበት፣ 35 ሰው አለቀ። ይሄ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፣ ከጣና ማዶ ነው። አዘዞ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም የሚያገኙት ጉልበት ይቀንሳል፣ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ሲነሳ አንዱ ሞተር ላይ ችግር ቢመጣ ያለችው ትርፍ ኃይል ትንሽ ናት። ስለዚህ ሣሩን እርሱት።

የአዘዞ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ሰማህ ጃንተከል?

አስጎብኚ ጃንተከል፦
ጋሼን አከብራለሁ ግን በር ላይ ያለች አንዲት ጥላ ከማኮብኮቢያው ምን ያገናኛታል፣ እርግቡ እኮ ቤተክርስቲያን ጣራ ላይ ሁሉ አለ፣ ቆርቆሮ ስር ማገር ላይም ይሠራል። እርግብ ከተባለ ሁሉንም አፍርሱ።

ራምፕ፦
ልክ ነው ቆርቆሮ ስርም ይሠራል፣ ለዚህ ነው ከስሩ በወንፊት ሽቦ ይዘጋ የምለው። ግን ከጥላው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቆሻሻው ነው። በዓል ሲሆን በየመንደሩ የሚታረደው በግና በሬ አንጀቱና ቆዳው ሜዳ ላይ ይጣላል፣ አሞራውና ጭላቱ ያንን ተከትሎ ይመጣል። ትልቅ አሞራ ከእርግብ ይከብዳል።

እቴጌ፦
ይሄማ እውነት ነው። ፋሲካ ማግስት ሰማዩን ብታዩት።

ፔንሲዮን ማራኪ፦
ታዲያ ይሄ ነዋ ዋናው ፕሮፖዛል። ለጥላ ከመለመን ለቆሻሻ ገንዳ እንጠይቅ። እንግዳውም አውሮፕላኑም የሚመጣው ቦታው ንጹህ ሲሆን ነው። በ2015 ክረምት በረራ ሲቋረጥ ክፍሎቼ ተቆልፈው ከርመዋል፣ ሠራተኛ በትኛለሁ፣ ሁለተኛ በማንም ምክንያት አውሮፕላን አዘዞ እንዳይመጣ የሚያደርግ ነገር ማየት አልፈልግም።

ቀበሌ 18፦
እደግፋለሁ። ገንዳ ይቅደም።

የአዘዞ ልጅ፦
ቆይ ቆይ። ቆሻሻውን የሚጥለው አዘዞ ነው እየተባለ ነው? ከከተማው በመኪና ተጭኖ የሚደፋውስ? በዓይናችን እያየን።

ቀበሌ 18፦
ማንም አዘዞ አላለም።

የአዘዞ ልጅ፦
ተብሏል። ሁለት ጊዜ። ገንዳው ከመጣ ከተማ ውስጥም ይቀመጥ፣ እኛ በር ላይ ብቻ ገንዳ ተደርድሮ የአዘዞ ስም ቆሻሻ እንዲሆን አልፈቅድም።

የፋሲል ልጅ ዲሲ፦
እኔ የሰጠሁት ቃል ለሣር ክዳን ነው። ለገንዳ አይደለም። አሁን ምን ላይ እንደሆንን አልገባኝም፣ ሲወሰን ንገሩኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን የከፈላችሁት በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ለጥላ ግንባታ ነው። ዓላማው ከተቀየረ የከፈሉት ሰዎች በስም ይጠየቁና ይስማሙ፣ አለበለዚያ ብሩ ይመለሳል። ለገንዳ ብዬ ከዚህ ሒሳብ አላወጣም።

ጸሐፊ፦
የአዘዞ ልጅ ስሜትህ ይገባኛል፣ አዘዞ የሚል ቃል ከቆሻሻው አንቀጽ ላይ አወጣለሁ፣ «በበረራ መስመር ስር ያሉ አካባቢዎች» ይባላል። ይበቃሃል?

የአዘዞ ልጅ፦
እሱ ይሻላል። ጋሼ ሲናገሩ ነው እንጂ እኔ ከሰው ጋር ጠብ የለኝም። ጃንተከልም ወንድሜ ነው። ለጽዳት ዘመቻ ከሆነ ከሰፈር ልጆች አመጣለሁ፣ ጓንት ብቻ ይግዙልን።

አስጎብኚ ጃንተከል፦
እሺ ሣሩን ትቻለሁ። ግን በር ላይ ቢያንስ አንድ የሚያምር ነገር ይኑር፣ ለከተራ ሳምንት እንግዳ ሲወርድ ዳቦና ጠላ ይዘው የሚቀበሉ እናቶች ቢኖሩ። ይሄ ወጪው ትንሽ ነው።

እቴጌ፦
ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ። ለጠላው ሰው አለኝ።

ሾፌር ሳሙና በር፦
የበረራ ሰዓት የሚነግረኝ ሰው አሁንም አልተመደበም። ሚኒባሱን ለሠርግ ለሁለት ወር ተከራይተውኛል፣ እኔን አትቁጠሩ።

ጸሐፊ፦
ሾፌር እንዲህ አይደለም፣ ደውልልኝ።

ራምፕ፦
ዘመቻው ከአጥሩ እንዳይጠጋ፣ ፈቃድ ሳይጠየቅ ማንም ወደ አጥር ቢቀርብ ችግር ውስጥ ነው የሚገባው። ፌስታሉም ተሰብስቦ ወዲያው ይጫን፣ ክምር ሆኖ ካደረ ነፋሱ ይመልሰዋል። ለዚህ ሥራ እኔ ቆሜ አሳያለሁ፣ ጉልበቴ ብዙ ባይፈቅድልኝም።

ጸሐፊ፦
ሰኞ የሚገባውን አስተካክያለሁ። 1ኛ ከጥምቀት በፊት የጽዳት ዘመቻ፣ ከተማው አምስት ገንዳ እንዲሰጠን፣ በበዓል ሰሞን የእርድ ተረፈ ምርት በየቀኑ እንዲነሳ። 2ኛ የከተራ ሳምንት የእንግዳ አቀባበል። ጥላው በሁለተኛ ምዕራፍ ይቀጥላል፣ ክዳኑ ያኔ ይወሰናል። ሚኒባሱን ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። ዛሬ ማታ እስከ ሁለት ሰዓት ተቃውሞ ካልመጣ በዚህ ይታተማል።

ፔንሲዮን ማራኪ፦
ገንዳው ጥሩ ነው እኔው ነኝ ያልኩት። ግን ጥላው ለምን ወጣ? ሁለቱም አብረው እንዳይሄዱ ማን ከለከለ? ያቺ እናት ለከተራም እዛው ፀሐይ ላይ ልትቆም ነው? የኔን 5,000 ለጥላው ብቻ ያዙት፣ ለዳቦና ለጠላ እንዳይነካ።

ገንዘብ ያዥ፦
ተመዝግቧል፣ ለጥላ ብቻ።

ጸሐፊ፦
እትዬ ከተማው ብዙ ጥያቄ አንድ ላይ ሲያይ ሁሉንም ነው የሚያዘገየው። አንዱን እናስፈጽም።

ፔንሲዮን ማራኪ፦
አልተስማማሁም። ተቃውሞ ካልመጣ አልክ፣ መጣልህ።

ቀበሌ 18፦
ሁለት ሰዓት አልፏል እኮ።

ፔንሲዮን ማራኪ፦
ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የጻፍኩት።

የጠዳ እናት፦
ይቅርታ አዲስ ገብቼ ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ የአቪዬሽን ክበብ አለ ሲባል ሰምታ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ምዝገባው መቼ ነው፣ የትስ ነው?

ጸሐፊ፦
እሱን መምህር ጠዳ ነው የያዘው። ከሐሙስ ጀምሮ እየደወልኩ ነው አያነሳም። የሚያውቀው ሰው ካለ እባካችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁልኝ፣ ዕቅዱን ከላከልኝ ለብቻው ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገባዋለሁ።