ሲክሊዶቼ ጠዋት ጠዋት ውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አራት ሞተውብኛል

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

ጤና ይስጥልኝ። ሳሎኔ ውስጥ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መስታወት ቤት ያሠራሁት አኳሪየም አለኝ። ከአምስት ወር በፊት ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸውን ሲክሊድ የሚባሉ 14 የማላዊ ሐይቅ ዓሣዎች አስገባሁበት፤ ስድስቱ ቢጫ፣ አምስቱ ቢጫ ሆነው ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ሰማያዊ ናቸው። አራት ወር ያህል ያለ ምንም ችግር ቆዩ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ግን ሁለት ቢጫና ሁለት ሰማያዊ ሞቱብኝ።

ጠዋት ስነሣ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ የሚተነፍሱበት ስንጥባቸውም በፍጥነት ሲርገበገብ አያለሁ። ከቢጫዎቹ አንዷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም፤ አገጯ ሥርም አብጧል። ከባለ መስመሮቹ አንዱ ቀለሙ ጠቁሮ ሌሎቹን ቀኑን ሙሉ ያሳድዳል፤ የቀረችውን ሰማያዊ ዓሣ ጅራቷን ቦጫጭቆታል።

ስለ አያያዜ ልናገር። በየእሑዱ የፊልተሩን ስፖንጅ አውጥቼ በቧንቧ ውኃ ንጹሕ እስኪሆን አጥበዋለሁ። በወር አንድ ጊዜ ውኃውን በሙሉ ደፍቼ፣ ድንጋዩንና አሸዋውን አጥቤ በአዲስ ውኃ እሞላለሁ። ምግብ ጠዋትና ማታ እሰጣለሁ፤ ልጆቼም ዳቦ እየቆረሱ እንደሚጥሉላቸው በቅርቡ ደርሼበታለሁ። በዚህ ወር ደግሞ መብራት ሌሊት ሌሊት ለብዙ ሰዓት ይጠፋል። ዓሣዎቹን የሸጠልኝ ሰው መድኃኒት ጨምሪበት ብሎኛል፤ ሆኖም በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት መጨመሩ አልተዋጠልኝም። የምታውቁ ብትረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከሐይቅ ዳር)

እህቴ፣ መድኃኒቱን ሳይጨምሩ መጠየቅዎ መልካም ነው። የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በእኔ ግምት ዓሣዎቹን የገደላቸው በሽታ ሳይሆን አሞኒያ ነው፤ አሞኒያውን ያከማቸው ደግሞ የእሑዱ እጥበት ነው።

ዓሣ ከምግቡ የሚተርፈውን ናይትሮጅን አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይለቀዋል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብና ዳቦም ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በስፖንጁ፣ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እኛ ስፖንጁ ላይ ያለውን ቡናማ ነገር ቆሻሻ ብለን እናጥበዋለን እንጂ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እዚያው ውስጥ ነው። የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን የሚጨመርበት በመሆኑ እነዚህንም አብሮ ይገድላቸዋል። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ባክቴሪያው በበቂ መጠን እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ እርስዎ ግን በየወሩ ሁሉንም በማጠብዎ አኳሪየሙ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ሲጀምር ነው የኖረው።

ታዲያ አራት ወር እንዴት ደህና ቆዩ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ያኔ ትንንሾች ነበሩ። ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዓሣ ክብደቱ ወደ ስምንት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ የሚበላውም የሚያስወጣውም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ገንዳው ግን ያው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ክዳን በሌለው በርሜል ወይም በባሊዎች ውኃ ሞልተው ያሳድሩ፤ ሮቶ ውስጥ የቆየ ውኃ ቢሆንም ሮቶው ክዳኑ ዝግ ስለሆነ ክሎሪኑ ወጥቶለታል ብለው አይተማመኑ። ነገ ከአኳሪየሙ ውኃ ሲሶውን በቱቦ ከሥር እየሳቡ ያውጡና ያደረውን ውኃ፣ ሙቀቱ የተቀራረበ መሆኑን በእጅዎ ሳይሆን በቴርሞሜትር አረጋግጠው፣ ቀስ ብለው ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሩቡን ይቀይሩ። ለሁለት ቀን ምንም ምግብ አይስጡ፤ የጎለመሰ ዓሣ ሁለት ቀን ጾሞ አይጎዳም። ስፖንጁን ከእንግዲህ በቧንቧ አያጥቡት፤ ፍሰቱ ከደከመ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ባሊ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። ከተቻለ ደግሞ የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች (የውኃው አሲድነት ወይም አልካላይነት) መለኪያ ያፈላልጉ፤ ያለ መለኪያ የምንናገረው ሁሉ ግምት ነው።

መልስ (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። ከራሴ ልምድ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የወጥ ቤት ጨው በ1 ሊትር ውኃ 1 ግራም ሒሳብ በሌላ ዕቃ አሟሙተው ቢጨምሩ ዓሣዎቹ ይበረታሉ። ሁለተኛ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ራሱ አልካላይ በመሆኑ ለማላዊ ሲክሊዶች ስለሚስማማ፣ በጀሪካን ቀድተው ቢጠቀሙ ክሎሪኑ አያሳስብዎትም።

መልስ (ከሐይቅ ዳር)

በጨው ላይ የተባለው በከፊል ትክክል ነው። ጨው አሞኒያን አይቀንስም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ስለሚከላከል፣ መለኪያው ናይትራይት ካሳየ የተባለውን መጠን መጨመሩ ይጠቅማል።

የሐይቁን ውኃ ግን አልመክርም፤ በዚህ ላይ ወንድሜ ቅር እንዳይሰኝብኝ እጠይቃለሁ። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶው፣ አምባዛውና የውኃ ወፉ አብረው ይኖራሉ። ቆሮሶ ራሱ ከሲክሊድ ቤተሰብ የሆነ ዓሣ በመሆኑ የእርሱን ጥገኛ ትሎችና ሌሎች በሽታ አምጪዎች በጀሪካን ይዘን ወደ ሳሎናችን ልናመጣ እንችላለን። ከከተማው የሚወርደው ጎርፍና ፍሳሽም መድረሻው ያው ሐይቅ ነው። ያደረ የቧንቧ ውኃ ይበልጣል።

መልስ (ከአዳማ)

ስለ መብራቱ ማንም ስላላነሣ እኔ ልናገር፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ሌሊት ዘጠኝ ዓሣ ያጣሁት በዚሁ ምክንያት ነውና ጉዳዩ ይሰማኛል።

አዳማም ሐዋሳም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል፤ 26 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠረፍ በ1 ሊትር ወደ 8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ እኛ ዘንድ ከ6.6 ሚሊ ግራም ብዙ አያልፍም። ስለዚህ የውጭ አገር አርቢዎች መብራት ቢጠፋ ይህን ያህል ሰዓት ችግር የለውም ሲሉ የሚሰጡትን ቁጥር እንዳለ መቀበል አይገባንም። ፊልተሩ ሲቆም የውኃው ገጽ መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ ዓሣዎቹም ባክቴሪያዎቹም ያለውን ኦክስጅን እየተሻሙ ሌሊቱን ይጨርሱታል። እርስዎ ጠዋት የሚያዩት አፍ መክፈት ከአሞኒያው ጋር ይህም ተደርቦበት ይመስለኛል።

በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ይግዙ፤ በተለይ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣው ዓይነት ቢገኝ ሌሊት ከእንቅልፍ መነሣት አይኖርብዎትም። እስኪያገኙ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ በጆግ ውኃ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ዝግ በርሜል የሚመስለው የውጭ ፊልተር ያለው አደጋ ነው፤ ለብዙ ሰዓት ከቆመ በውስጡ ያለው ውኃ ኦክስጅኑ አልቆ ይበላሻል፤ መብራት ሲመጣ ያ ውኃ እንዳለ ወደ ገንዳው ይገፋል። የእኔን ዘጠኝ ዓሣዎች የጨረሳቸው መጥፋቱ ሳይሆን መምጣቱ ነበር። ፊልተርዎ እንዲህ ያለ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ነቅለው ይተኙ፤ ጠዋት ውስጡ ያለውን ውኃ ደፍተው፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ አለቅልቀው ያስነሡት።

ማሞቂያውንም ይከታተሉ። ብዙ ሰው ክረምትን ይፈራል እንጂ ሌሊቱ የሚበርደው ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በእነዚያ ወራት መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ይገባል፤ ከላይ ግን አየር የሚገባበት ክፍት ቦታ ይቅር።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መለኪያው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ እጅ ደረሰኝ። ፒኤች 8.2፣ አሞኒያ በ1 ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ናይትራይት 0.5፣ ናይትሬት ደግሞ ከ10 በታች ነው። ሙቀቱ 26 ዲግሪ ነው። ፒኤቹን ዝቅ ላድርገው?

መልስ (ከሐይቅ ዳር)

በፍጹም አይንኩት። የማላዊ ሐይቅ ውኃ ራሱ ከ7.7 እስከ 8.6 ባለው ፒኤች ውስጥ ስለሆነ 8.2 ለእነዚህ ዓሣዎች አገራቸው ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ብዙም አይጎዳም፣ ሁለተኛው ግን መርዝ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ድርሻ የሚወስነውም በዋናነት ፒኤቹ ነው። በ26 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው አሞኒያ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በ8.2 ግን ወደ 9 በመቶ ይደርሳል። ያው 1 ሚሊ ግራም አሞኒያ ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ላለ ዓሣ ያን ያህል ሳይከፋ፣ በእርስዎ ገንዳ ውስጥ ስንጥብ ያቃጥላል። የናይትሬቱ ማነስም ባክቴሪያው ሥራውን እየሠራ እንዳልሆነ ያሳያል። ሥራው አንድ ነው፦ ውኃ መቀየር፣ ምግብ መቀነስ፣ ስፖንጁን መተው። ናይትራይት ስላለ የተባለውን ጨው መጨመር ይችላሉ፤ ውኃ በቀየሩ ቁጥር ግን መጨመር ያለብዎት ለአዲሱ ውኃ ልክ ብቻ ነው።

መልስ (ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

እኔ ስለ ሁለቱ ዓሣዎች ልመልስ። አገጯ ያበጠውን ቢጫ ዓሣ ለብቻዋ አውጥተው እንዳያስጨንቋት እለምንዎታለሁ፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ሳይሆን አይቀርም። ከገለጿት ላቢዶክሮሚስ ሴሩሊየስ የሚባለው ዝርያ ትመስላለች፤ የዚህ ዝርያ እናት ልክ እንደ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ሦስት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ምግብ አትበላም፤ አልፎ አልፎ የምታኝክ መስላ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች። በሽታ ቢሆን የሚያብጠው አገጭ ሳይሆን ሆድ ነው፤ ኩሱም ነጭ ክር ይመስላል። የማላዊ ዓሣዎችን የሚገድለው የሆድ መነፋት በዚህ ይለያል፤ አልጌ ለሚበሉት ሥጋ ነክ ምግብ ሲበዛባቸውና ሲጨነቁ ይመጣል። ዳቦውን ልጆቹ እንዲተዉ አድርጉ፤ በምትኩ በፈላ ውኃ ነከር ተደርጎ የቀዘቀዘ የቆስጣ ቅጠል በሳምንት ሁለት ቀን እነርሱ ራሳቸው ይስጡ። የእኔ ልጆች ከዳቦው ይልቅ ዓሣዎቹ ቅጠል ሲቦጭቁ ማየት ይወዳሉ።

የጠቆረው ግን አልታመመም። ቢጫ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሜላኖክሮሚስ አውራተስ ይባላል፤ ሴቶቹና ትንንሾቹ ቢጫ ሲሆኑ፣ የበላይ የሆነው ወንድ ሲጎለምስ ቀለሙ ወደ ጥቁርነት ይገለበጣል። ከማላዊ ዓሣዎች መካከል እጅግ ከሚደባደቡት አንዱ ነው፤ በገንዳዎ ልክ ከቢጫዎቹ ጋር አብሮ ማኖሩ አይቻልም ብል አልተሳሳትኩም። አንዳንድ አርቢዎች ጠቡ በአንዱ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ዓሣ ያበዛሉ፤ ዘዴው እውነት ነው፣ ነገር ግን አሞኒያ ባለበት ገንዳ ላይ ዓሣ መጨመር ቀሪዎቹን መግደል ነው። ለጊዜው ድንጋዮቹን ሁሉ ቦታ ይቀይሩ፤ ድንበሩ ሲፈርስበት ለጥቂት ቀናት ይረጋጋል። ብዙ ጥቁር ድንጋይ ጨምረው መደበቂያ ይሥሩ፤ በአካባቢያችን የሚገኘው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነጭ ድንጋይ ግን ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ አይሆንም። ትልልቆቹን ድንጋዮች አሸዋው ላይ ሳይሆን ወለሉ መስታወት ላይ ያስቀምጡና አሸዋውን ዙሪያቸውን ይመልሱ፤ እነዚህ ዓሣዎች ስለሚቆፍሩ ከሥሩ የተፈለፈለ ድንጋይ ተንዶ መስታወት ይሰብራል። በመጨረሻም ጥቁሩን ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት። ወደ ሐይቁ ወስዶ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይታሰብ፤ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ እንግዳ ዓሣ ወይም እንግዳ በሽታ ከገባበት መልሶ የሚያወጣው የለም።

የጠያቂዋ ምላሽ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሞተብኝ አንድ ብቻ ነው፤ ጅራቷ የተጎዳው ሰማያዊ ዓሣ በሦስተኛው ቀን አልተረፈችም፤ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ትድን እንደነበር ሳስበው ያሳዝነኛል። አሞኒያም ናይትራይትም ዛሬ ዜሮ ሆነዋል፣ ናይትሬት 20 ነው። ጥቁሩን ሰፊ ገንዳ ያለው አንድ የከተማችን ሰው መጥቶ ወሰደው። ቢጫዋም እውነትም እናት ነበረች፤ 11 ልጆች ተፋች፣ በቀዳዳ ፕላስቲክ ሳጥን ለይቻቸዋለሁ። ምን ላብላቸው?

መልስ (ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

እንኳን ደስ ያለዎት! የትልልቆቹን ደረቅ ምግብ በጣትዎ እንደ በርበሬ አድቅቀው በቀን ሦስት ጊዜ በጣም ጥቂት ጥቂት ይስጧቸው። ብዙዎች የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ይመክራሉ፤ ይበሉታል፣ ነገር ግን ውኃውን ቶሎ ስለሚያበላሽ ለእርስዎ ገንዳ አሁን አይሆንም። እናትየዋ በጣም ስለከሳች ለአንድ ሳምንት ያህል ለብቻዋ አብልተው ይመልሷት።